የረዳኢ እምቢልታ

እምቢልታን በቅርብ ያየሁት ሱዳን፣ ባሱንዳ ሰሊጥ ስናጭድ ነው። እንደ ዋሽንት ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ አንድ ድምፅ፣ ቢበዛ ሁለት ያወጣል፤ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ካልነፉት ዜማ አይሆንም። ገረመኝ። አንድ ዜማ በሦስት ሰው ሳንባ ተከፋፍሎ ይኖራል ማለት ነው።

አቦይ ኣጽብሃ ከትግራይ ቤተሰባቸውን ይዘው ሲሸሹ ሁለት እምቢልታ ይዘው ወጡ፤ የራሳቸውንና የታናሽ ወንድማቸውን የረዳኢን። ረዳኢና ሦስተኛው ነፊ ተኸስተ ከብቶቹን ይዘው ከኋላ ቀሩ። የድንበሩን ወንዝ የተሻገረው ተኸስተ ብቻ ነው። «ግርግሩ ላይ ተጠፋፋን» ብሎ እዚያው ሱዳን፣ ኒው ሀልፋ ሸንኮራ እርሻ ሥራ ገባ።

በእረፍት ሰዓት አቦይ ኣጽብሃ ከሰሊጡ ነዶ ጥላ ሥር ሆነው ይነፋሉ። ያቺው አንድ ድምፅ ትመላለሳለች።

«አቦይ፣ ሎሪ መጣ እንዴ? መንገድ እንልቀቅ?» ይላቸዋል አብሮን የሚያጭደው አክሊሉ።

«አንተስ በአንድ እግርህ ትጨፍራለህ?»

እንስቃለን። የረዳኢን እምቢልታ ግን ማንም አይነካውም። በአገራቸው ወግ የጠፋ ሰው እምቢልታ ለሌላ የሚሰጠው መርዶው ከተነገረ በኋላ ነው። እስከዚያ ቦታው የእሱ ነው።

ጾሙ ሳይገባ ልጃቸው ሄርመላ በስደተኞች መጠለያው ልትዳር ሆነ። ተኸስተን አስጠሩት።

«ለሁለት እንነፋለን» አሉኝ። «የረዳኢ ተራ ሲደርስ ዝም እንላለን። ዝምታውን የሰማ ሁሉ ሰው እንደምንጠብቅ ያውቃል።»

በሠርጉ ጠዋት ተኸስተ ሃይላይ የሚባል የሥራ ባልደረባውን አስከትሎ ከሎሪ ወረደ።

«እንግዳው ማን ነው?» አሉት አቦይ ኣጽብሃ።

«የረዳኢን ድምፅ ይነፋል።»

«ማን አስተማረው?»

«እኔ።»

«ረዳኢ እያለ?»

ተኸስተ አቀረቀረ። አንድ ነገር እንዲናገር፣ ውሸትም ቢሆን እንዲናገር በልቤ ለመንኩት። አቦይ ኣጽብሃ ቆመው አዩት፤ አዩት። ከዚያ ጎጇቸው ገብተው በነጠላ የተጠቀለለውን የረዳኢን እምቢልታ አመጡና ለሃይላይ ሰጡት።

«ለሄርመላ ትንፍሽ እንዳትሉ» አሉን። «ዛሬ ሙሽራ ናት።»

ሦስቱ ድምፆች ሲገናኙ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ለካ ያቺ የሳቅንባት ድምፅ የምትጠራው ሌሎቹን ኖሯል! ሴቶቹ እልል አሉ። ሄርመላ ሳቀች። አባቷ ጉንጫቸው እስኪወጠር ይነፉ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከሃይላይ ከንፈር አልተነቀለም። አንዴም ተራቸውን አልሳቱም።

የሙሽሮቹ መኪና ያስነሣው አቧራ ሲያርፍ፣ አቦይ ኣጽብሃ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና መሬት ላይ ተቀመጡ።

«በል ተኸስተ፣ አሁን ንገረኝ። የት ቀበርከው?»

«ከወንዙ ወዲያ» አለ ተኸስተ። «ድንጋይ ጭኜበታለሁ።»