ዞሮ የተገጠመው ካምቢዮ እንጦጦ ሲወጣ

ቅዳሜ ጠዋት ከካራ የተነሣሁት አንድ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ ለማየት ነው። በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። ሞተራቸው ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት የሚቀመጥ የድሮ የውድድር መኪኖችን ለተማሪዎቼ በሥዕል ብቻ ሳሳይ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቀበና ውስጥ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ ጡረተኛ መካኒክ እንዲህ ያለች መኪና በእጃቸው ሠርተው እንደጨረሱ ሰማሁና ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ።

"ቅዳሜ እንጦጦ ላወጣት ነው። ማየት ከፈለግሽ ቀደም ብለሽ ድረሺ" አሉኝ።

ሲዘንብ ስላደረ የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ነበር። መገናኛ ላይ ታክሲ ስቀይር ትኩስ ቦምቦሊኖ ገዛሁና መንገድ ላይ በላሁት። ጣቶቼ ዘይት በዘይት ሆነው ቀበና ወረድኩ።

ቀበና፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

መኪናዋ ከወንዙ በላይ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ በእጅ የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ የለበሰች ናት። ጋሽ ዘለቀ የኋላ ክዳኗን ከፈቱልኝ።

"ካምቢዮው የቮልስ ነው። ቮልስ ላይ ሞተሩ ከጎማዎቹ ኋላ ነው ያለው። እኔ ከጎማዎቹ ፊት እንዲሆን ስለፈለግሁ ሞተሩንም ካምቢዮውንም አንድ ላይ አዞርኳቸው።"

የውጭ የውድድር መኪና ሠሪዎችም ድሮ የርካሽ መኪና ካምቢዮ ወስደው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ይህን ያወቁት በወጣትነታቸው ጋራዥ ውስጥ ካገኙት መጽሔት ነው።

"ሲዞር ግን ጎማው ወደ ኋላ አይሄድም?" አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። የመለሱልኝ በረንዳው ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው።

"መጀመሪያ የሞከራት ጊዜ አዲስ ሙሽሮች ነበርን። ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ እኔን ጎኑ አስቀመጠኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው፣ ወደ ኋላ ሄደን የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባን። አንድ የፊት ማርሽና አራት የኋላ ማርሽ ያላት መኪና ነበር የሠራው።"

ጎማውን የሚያዞረው ኮሮና የሚባለው ትልቁ ጥርስ ካምቢዮው ውስጥ ወደ ሌላው ጎን መዛወር ነበረበት። ይህ ለጋሽ ዘለቀ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሰፈሩ ግን ሲስቅባቸው ስለከረመ መኪናዋን በሸራ ሸፍነው ተዉአት። ልጆች መጡ፣ ሥራ በዛ። ሸራውን ገልጠው ጥርሱን ያዛወሩት ጡረታ ሲወጡ ነው።

"ዛሬስ አትገቢም?" አሏቸው ባለቤታቸውን።

"እኔ በታክሲ እሄዳለሁ። ከደረስክ ኪዳነ ምሕረት እንገናኛለን።"

ጋሽ ዘለቀ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ባዶውን ወንበር አሳዩኝና ገባሁ።

ዳገቱ ላይ

በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወጣን። ሞተሩ ከጀርባችን ስለሆነ ድምፁ ወገቤ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ማርሽ በቀየሩ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር፣ ማርሹን እየቆጠሩ ኖሯል። ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ ሲጀምር አየሩ ቀዘቀዘ።

አንድ ኩርባ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሊመልሱ ሲሉ የማርሹ ዘንግ እጃቸው ላይ ላላ። መኪናዋ ኃይል አጥታ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን ረገጡ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳቡ። እኔ ዘልዬ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ከኋላችን ገደል ነበር።

ቅጠል የተሸከሙ ሴት ቆም ብለው የፊት ክዳኑን አዩ። "ሞተሩ የታለ?" አሉ።

"ከኋላ ነው፣ እናቴ" አልኳቸው።

"ታዲያ ወደ ኋላ ባትሄድ ነው የሚገርመው" ብለው አለፉ።

ጋሽ ዘለቀ ኮታቸውን መሬት ላይ አነጠፉልኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ከሥር ገባሁ። የማርሹን እጀታ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ረጅም ብረት ብሎኑ ላልቶ ተንጠልጥሏል። ከላይ ቁልፍ ሲያቀብሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሎኑን አጥብቄ ስወጣ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አንቺ ንጂ" አሉኝ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ የዛሬው ቀን የእርስዎ ነው እኮ።"

"በዚህ እጅ ገደል እከታታለሁ። ንጂ።"

ነዳሁ። "አሁን ሁለተኛ። አትቸኩዪ፣ ራሱ ይገባል" ይሉኛል። ማርሹ እንዳሉትም ራሱ ገባ።

ኪዳነ ምሕረት፣ አምስት ሰዓት

እትዬ አስካለ ቀድመውን ደርሰው የቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሪው ላይ እኔን ሲያዩ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

"ምነው?"

"እጄ ተንቀጠቀጠ። እሷ ናት ያወጣችኝ።"

እትዬ አስካለ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ከዚያ "ትንሽ አርፈህ አንተው ታወርደኛለህ" አሉ።

የተጠበሰ በቆሎ በላን። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ ረግቷል። ብሎኑን ደግሜ ፈተሽኩላቸው። ሁለቱ ገብተው በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለው ቁልቁል ወረዱ። እትዬ አስካለ በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን፣ በሌላው የበሩን ጠርዝ ይዘው ነበር። እኔ ታክሲ ይዤ ተከተልኩ። ቀበና ስደርስ መኪናዋ ግቢ ገብታ ቆማለች፤ እነሱ ግን ገና ከውስጧ አልወረዱም ነበር።

ካራ፣ አሥር ሰዓት

ባለቤቴ ጀርባዬ ላይ ያለውን ጭቃ አይቶ "ካምቢዮውን አየሽው?" አለኝ።

"ከሥሩ ተኝቼ አየሁት" አልኩት።

ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን መንገድ እኩሌታው ላይ ለማያውቋት ሰው ሰጡ። ማንም ተነሡ አላላቸውም። ያን ያህል ዓመት ጠብቄ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ከዚያ ከሹፌሩ ወንበር መነሣቴን እንጃ።