የሰማንያው ቀን ጉንፋን

ሱሉልታ ያልኖረ ሰው ብርድን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ልጄ በጥቅምት መጨረሻ ያለ ወሯ፣ ጭብጥ የማትሞላ ሆና ተወለደች። ሐኪሙ «ጉንፋን እንዳይዛት፣ ሳንባዋ አይችለውም» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ለእኔ ጉንፋንና ብርድ አንድ ስለነበሩ የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ደፈንኩ። በዚያ በታፈነ ክፍል ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባዩን ሁሉ አስገባለሁ። አንዷ አፍንጫዋን እየጠረገች «ብርድ መትቶኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ» ትልና ልጄን ስማት ትሄዳለች።

ይህን ጉድ ያስቆሙት አከራያችን ናቸው። ወልደው የማያውቁ፣ ማለዳ ውርጭ ላይ ቆመው ላም የሚያልቡ፣ ሲቆጡ አማርኛውን ከኦሮምኛ የሚቀላቅሉ ባልቴት።

«ብርድ ጉንፋን ቢያመጣማ እኔ ዓመቱን ሙሉ ከአልጋ አልነሳም ነበር! ጉንፋን የሚመጣው ከሰው ነው። ማሎ፣ እባክሽ፣ ልጅቷን ደህና አድርገሽ አልብሺያት፤ መስኮቱን ግን ክፈቺው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማቸውን አጥር በር ላይ አስቀመጡ። ያስነጠሰ አያልፍም። አማቴ እንኳ ገንፎ ይዘው እያሳላቸው ሲመጡ «ገንፎው ይግባ፣ አንቱ ይመለሱ» አሏቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ አኮረፉ፣ ልጄ ግን ጉንጯ ሞላ። ያን ጊዜ ሴትዮዋን እንደ እናቴ ወደድኳቸው፤ ክርስትና እንዲያነሱልኝም ለመንኳቸው።

«እኔን?» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ከእኔ ይልቅ የሚቆጥሩት እሳቸው ሆኑ።

ሰማንያዋ የሞላ ዕለት ጠዋት ከግቢው ጠሩኝ። አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ግን ወደ በሩ አልተጠጉም። ድምፃቸው ጎርንኗል።

«ያዘኝ» አሉ።

«ትንሽ እኮ ነው እማማ፣ በነጠላ ይሸፈኑ» አልኩ።

«የሰው አማት መልሼ እኔ ልግባ?»

«እንግዲያው ሌላ ቀን ይሁን።»

«ሰማንያዋማ አታልፍም። እህትሽ ታንሳት።»

እህቴ አነሳቻት። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቁ። ስንወጣ ልጄን ታቅፌ ወደ እሳቸው ስሄድ ገና ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ውሃው ሲነካት አለቀሰች?»

«በጣም!»

«ድምጿ ጥርት ያለ ነበር?»

«ጥርት ያለ።»

«ተመስገን» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሂዱ፣ ከኋላችሁ ነኝ።»

እስከ ቤት ድረስ በአዲሱ ቀሚሳቸው ከሩቅ ተከተሉን። እንዲደርሱብኝ ብዬ ቆም ባልኩ ቁጥር እሳቸውም ይቆማሉ።