ለአያቴ የሰጠሁት አገር

ልጅ ሳለሁ ጎንደርን ከነግንቧ፣ ከነገበያዋ፣ ከነባጃጇ አንስቼ ለአያቴ እሰጠው ነበር፤ እሱ ደግሞ «ይሄስ ይቅርብኝ» ብሎ ይመልስልኝ ነበር።

ነገሩ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፣ መልሱ የጠፋው ሰው ደግሞ አገር ይሰጣል። ጠያቂው የተሰጠው አገር ካልጣመው ይመልሰዋል፤ ከጣመው ተቀብሎ ያገሩ ጌታ ይሆንና መልሱን ይናገራል። ሌላው ልጅ አገር የሚሰጠው መልሱ ሲያቅተው ነበር። እኔ ግን ያኔ፣ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላኝ፣ እያወቅሁ «አላወቅሁም» እል ነበር። የምሰጠውም አገር ሁልጊዜ ጎንደርን ነው። አያቴ ቃሉን የማያጥፍ ሰው መሆኑን እናቴ ስለነገረችኝ፣ አንድ ቀን «ተቀብያለሁ» ካለ እኛ ዘንድ ቀረ ማለት ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አያቴን ሰው ሁሉ አያ ታፈረ ይለዋል። ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብላ ባለች መንደር ገብስና ድንች ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ ተጋርደው ከብቱን ከድንጋይ መለየት ሲያቅተው፣ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ የነበረችው እናቴ ሄዳ በአውቶቡስ ይዛው መጣች። መጀመሪያ ቀኙ ሊገፈፍለት፣ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግራው። ሴት አያቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስለሞተች አገር ቤት የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነበር። የኛም ቤት ቢሆን አባት የሌለባት፣ የእናትና የልጅ ቤት ነበረች። እሱ ከመጣ ወዲህ ማታ በሩን የምዘጋው ያለ ፍርሃት ነበር፤ እንዲሄድብኝ አልፈለግሁም።

የምንኖረው በእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ከኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ በሰፈራችን ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ያኔ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ገና በጊዜ ይጠፋል። ትልልቆቹ ያማርራሉ፣ እኔ በልቤ ተመስገን እላለሁ፤ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ የእትዬ ጥሩወርቅ ቴሌቪዥን ዝም ይላል፣ ሁሉም የሚቀመጥበትን ዱካ ይዞ በረንዳው ላይ ከከሰል ምድጃው ዙሪያ ይቀመጣል። እናቴ ኩራዙን መስኮቱ ላይ ታኖራለች። አያቴ ከአገር ቤት ካመጣው ድንች ረመጡ ውስጥ ይቀብራል፤ የሚያርረው የድንች ልጣጭ ሽታና የኩራዙ ጥላሸት ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አሉ። የፍሙ ብርሃን ዓይኑ ላይ ያለውን ነጭ ፋሻ ቀይ ሲያደርገው እያየሁ ተረቱን እጠብቃለሁ።

ተረቶቹ የማንንም ተረት አይመስሉም ነበር። አንዱ ስለ ኮሶዬ ደጋ ጅብ ነው። ጅቡ ጎንደር ውስጥ አጥንት በየመንገዱ ይጣላል ሲሉ ሰምቶ ወረደ አለን። እውነትም አጥንቱን እንደልቡ አገኘ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚደነግጥለት አልነበረም፤ ሰው ወደ ሌላው ጎኑ ተገላብጦ ይተኛል። በአገሩ ግን አንዴ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ «መጣ ያ የተረገመ» ይለው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደጠገበ ወደ ኮሶዬ ተመለሰ፤ «የሚያውቁኝ ይርገሙኝ» ብሎ። እኛ ስንስቅ እናቴ ብቻ አትስቅም ነበር፤ ተረቱ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል።

ከተረቱ በኋላ ክርክሩ ይነሳል። እናቴ በአንቱታ «ምነው፣ እዚሁ ቢቀመጡ ምን ይጎድልብዎታል?» ስትለው፣ እሱ ለመመለስ ወደኔ ይዞራል። ከእኔ ጋር በጨዋታ ጊዜ አንቱታ የለም ብሎ አስለምዶኛል።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ይቀበለዋል፣ ሲሄድ ግን ደህና ሁኑ አይልም።»

የቧንቧ ውሃ መሆኑን የግቢው ድመት እንኳ ታውቃለች። እኔ ግን ፊቴን ቅጭም ሳላደርግ «አላወቅሁም፤ ጎንደርን ሰጥቼሃለሁ» አልኩ። «ውሃ የሌለው አገር ምን ያደርግልኛል፣ ይቅርብኝ» አለና መለሰልኝ።

መሪጌታም ከእሱ ጋር ናቸው። ከተማው ደብር ሞልቶታል፣ መምህር ሞልቶታል፣ ተማሪዎቻቸው ግን የሚበሉት የላቸውም። «እኔ ተማሪ ሳለሁ አገር ቤት ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ስል ቁራሹ ከነወጡ ይወጣልኛል፤ እዚህ የቆርቆሮ በር ነው የሚሰማቸው» ይሉ ነበር። ይህን ይበሉ እንጂ ከተማውን ለቀው አይሄዱም፤ እሳቸው የሚሹት መጽሐፍ ያለው እዚሁ ነው።

አንድ ምሽት እትዬ ጥሩወርቅ ክርክሩ ሰለቻቸውና ፍሙን እያገላበጡ ተናገሩ። ትውልዳቸው ጃናሞራ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያምጡ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ግማሽ ቀን ተጓዙ፤ ልጁ መንገድ ላይ ሞተ። «ሁለተኛዋን እዚህ ወለድኳት። ምጡ እንደያዘኝ ማኪና ተጠራ፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ይኸው ዛሬ ባለትዳር ናት። ውሃው በዓመት አንዴ ይምጣ፣ ግድ የለኝም» አሉ። አያቴም «ይህስ እውነት ነው፣ እህቴ፤ እኔም ዓይኔን ያገኘሁት እዚሁ ነው» አለ። ያን ጊዜ ልቤ ተስፋ አደረገ።

የግራ ዓይኑ ፋሻ በተነሳ በሳምንቱ፣ «እስቲ ይህን ከተማ በሁለት ዓይኔ ልየው» ብሎ እጄን ይዞ ወደ ፒያሳ ወሰደኝ። በእሱ መንደር ሰውን ዝም ብሎ ማለፍ የተጣላ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ላገኘው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ እያለ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። ሰው ደግሞ ብዙ ነው፤ ባርኔጣውን መልሶ ለመድፋት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ብዙዎቹ አልመለሱለትም። እሱ ግን ያልሰሙት መስሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይሄኔ አንድ ወጣት፣ እርምጃውን ሳያቋርጥ፣ የብር ኖት ባርኔጣው ውስጥ ጣል አድርጎለት አለፈ።

ከመንገዱ ማዶ የክፍሌ ልጆች ቆመው ነበር። አይተው ሳቁ። እኔ እጄን ከእጁ አወጣሁ።

አውጥቼም አልቀረሁ፣ የማላውቀው ሰው ይመስል ጥቂት እርምጃ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ዞር ስል በእነዚያ አዲስ ባገኛቸው ዓይኖቹ እጄን ያየው ነበር። ብሩን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለተቀመጡ ዓይነ ስውር ሰጠ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ለማንም ሰላም አላለም።

በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ። እኔ ከምድጃው ርቄ እናቴ ጀርባ ተቀመጥኩ። አያቴ ድንቹን ቀብሮ እንዳበቃ ጠራኝ።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ብትሰጪው አይጎድልብሽ፣ ብትነሺው አይተርፍሽ።»

ይህን በእውነት አላወቅሁትም። ብዙ አሰብኩ፣ መልሱ ጠፋኝ። በመጨረሻ እያፈርኩ «ጎንደርን ሰጥቼሃለሁ» አልኩት፤ እንደሚመልሰው እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን ድንቹን አንድ ጊዜ ካገላበጠ በኋላ «ተቀብያለሁ» አለ። «መልሱ ሰላምታ ነው።» በረመጡ የሞቀውን እጁን ራሴ ላይ ጫነ። እኔ ስለ መልሱ ምን ገዶኝ፤ ቀረልኝ ብዬ ያን ሌሊት በደስታ ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ ጋቢውን አጣጥፎ፣ ዱላውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። እናቴ ዓይኗ አብጦ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ስነፋረቅ ሄድኩ፤ የአምባ ጊዮርጊሱ አውቶቡስ ሰው ሲጭን ጋቢውን ይዤ «ተቀብያለሁ ብለህ አልነበር? እጄን ስላወጣሁ ነው አይደል?» አልኩት። ከተሳፋሪው ፊት ቁጢጥ ብሎ ዓይን ለዓይን አየኝ።

«እጅሽማ የልጅ እጅ ነው፣ ይሄድና ይመለሳል። እኔ የምሄደው ገብሴ ስለደረሰ ነው፤ የሴት አያትሽም መቃብር እዚያው ነው። አገሩንም ተቀብያለሁ፣ ቃሌን አላጠፍኩም። ግን ጌታ ባገሩ ሁሉ ይቀመጣል? ሹም ይሾማል እንጂ። ጎንደርን ላንቺ ሾሜሻለሁ፤ ሸጋ አድርገሽ ያዥልኝ። ክረምት ስትመጪ ያገሬን ወሬ ትነግሪኛለሽ።»

ክረምት ሲመጣ ሄድኩ። ውጭው ዝናብና ጭጋግ፣ ውስጡ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ነበር። ከምድጃው ዳር አስቀመጠኝና «አገሬ እንደምን ናት?» አለኝ። ያኔ ተራችን ተቀየረ፤ ተራኪዋ እኔ ሆንኩ፣ አድማጩ እሱ። ውሃው አሁን በሳምንት ሁለቴ መምጣቱን፣ የመሪጌታ ተማሪ መታመሙንና እትዬ ጥሩወርቅ እንዳስታመሙት፣ ባጃጅ መንገዱን ማጣበቡን ነገርኩት። ሁሉን ሰምቶ «ሰላምታስ? ጀመሩ?» አለኝ። «አልጀመሩም» አልኩት። እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ የተሾምኩበትን አልሠራሁማ።

ስመለስ እኔው ጀመርኩ። ከግቢያችን እስከ ትምህርት ቤት ላገኘሁት ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ሌላ ሰው ሰላም ያልኩ መስሎት ዘወር ብሎ ያያል፤ የክፍሌ ልጆች ሳቁብኝ፣ አንገቴን ደፋሁ እንጂ አልተውኩም። የመንገዳችን ጥግ ላይ የተቀቀለ ድንች የሚሸጡ ሴትዮ ለወራት ዝም ብለውኝ ኖረው አንድ ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ» አሉኝ። በሚቀጥለው ክረምት ለአያቴ ሮጬ የነገርኩት ይህንን ነው፤ «አንድ ሰው ጀምሯል!» ስለው እስኪያነባ ድረስ ሳቀ፤ ጎንደር በሰጠችው ዓይን።

አያቴ አሁን የለም። እኔ ጎንደር ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ውሃ ዛሬም በፈረቃ ነው፣ ኪራይ ጨምሯል፣ ልጄን ያስነጠሳት እንደሆነ ሐኪም ቤት በእግር ይደረሳል። ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር ብለው ሲጠይቁኝ እትዬ ጥሩወርቅም አያ ታፈረም አፌ ላይ እኩል ይመጡብኛል። ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን ከቤት ሳልወጣ ስቀር ግን የብረት በሬ ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ብዬው አንድም ቀን መልሶልኝ የማያውቀው ሰውዬ ነው።

«ደረጃው ላይ ሰላም የሚለኝ ባጣ ጊዜ ምን ሆናለች ብዬ ነው» አለ።

ግባ አልኩት። በሩን ወለል አድርጌ ስከፍትለት፣ ይህን ወሬ ይዤለት የምሄደው ሰው ስለሌለኝ አለቀስኩ።