ኦዳው ደህና ነው?

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከነቀምቴ የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ርቀን በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት በቆሎ እናርስ ነበር። አመሻሹ ላይ፣ ከብቶቹ ገብተው ምድጃው መጤስ ሲጀምር፣ አካኮ የምላቸው አያቴ ተረት ይነግሩኝ ነበር። የእሳቸው ተረት ሁልጊዜ ቦታ ነበረው፤ ጅቡ የሚሻገረው የዴዴሳን መልካ፣ ንጉሡ የሚፈርደው ነቀምቴ ካለው ቤተ መንግሥት፣ አውሬዎቹ የሚታረቁት ደግሞ ማሳችን ዳር ከቆመው ትልቅ ዋርካ፣ ከኦዳው ሥር ነው። አካኮ ራሳቸው የተጣላ ሰው የሚያስታርቁት እዚያው ነበርና ያኔ ተረቱና አገሩ ለእኔ አንድ ነበሩ።

አንድ በጋ ለዓይናቸው ሕክምና ነቀምቴ ሄደው ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ተመለሱ። እሳቸው በሌሉበት ባለርስቱ ማሳው ለትራክተር ይመች ብለው ኦዳውን አስቆርጠውት ነበር። አባቴ ደጃፍ ላይ ያዘኝና፣ «እንዳትነግሪያቸው። በዓይናቸው ላይ ይህን አንጨምርባቸውም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ተረት ከመጀመራቸው በፊት ይጠይቁኝ ጀመር።

«ኦዳው ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አካኮ።»

ፍሬ መያዙን፣ እርግብ መስፈሩን ሁሉ እጨምርላቸው ነበር። ፊታቸው በፍሙ ብርሃን ሲፈካ ሳይ ውሸቴ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው «ያስታርቁን» ብለው መጡ። አካኮ ብትራቸውን አንስተው፣ «ወደ ኦዳው ውሰጂኝ» አሉኝ። አባቴ በአቅራቢያው አልነበረም። ቢጨንቀኝ እጃቸውን ይዤ ከአንድ ብሳና ሥር አደረስኳቸው። ወንድማማቾቹ እኔን አዩኝና አቀረቀሩ። አካኮ ግንዱን ዳሰሱ፤ መዳፋቸው እዚያው ቆየ። ከዚያ ተቀምጠው አስታረቋቸው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙ።

«መቼ ቆረጡት?»

አለቀስኩ።

«በቃሽ፣ ልጄ። እናንተስ አልቅሳችሁለታል፤ እኔ ብቻ ሳላለቅስለት ቀረሁ።»

ተረት መንገራቸውን አልተዉም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጅቡ «አንድ ወንዝ» ይሻገር፣ ንጉሡም «በአንድ አገር» ይፈርድ ጀመር። የቦታ ስም ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማሁም። በክረምቱ አረፉ።

ዛሬ በእሳቸው ዕድሜ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ዛፉን ያስቆረጡት ባለርስቱ ናቸው፤ ልቅሶውን የነጠቅናቸው ግን እኛው፣ የምንወዳቸው ነን።