ደም ማነስ ነው አልን

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቷ እኔ ሰመራ ሥራ ቦታዬ ላይ ሳለሁ ደወለልኝ። እሱ አዋሽ ዳር ባለ የስኳር እርሻ የትራክተር መካኒክ ነው፤ ስልክ ላይ ብዙ አያወራም። "ምንም አይደል፣ ትንሽ ተዳክማለች" አለኝ። ስልኩን ልዝጋው ስል፣ "እንቅልፍ የላትም። ልጁንም መያዝ አትፈልግም" አለኝ።

"ሐኪም አያት?"

"እናትሽ ሙቀቱ ነው ይላሉ።"

እዚህ ቆላ ሁሉም ነገር ሙቀት ነው። ሰው ቢያኮርፍ ሙቀቱ ነው፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ ሙቀቱ ነው። እህቴ ግን አዋሽ ላይ ስምንት ዓመት ያስተማረች ሰው ናት፤ ሙቀቱን ለምዳዋለች። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የፈቃድ ቅጹ ላይ "ምክንያት" በሚለው ቦታ "እህቴ ወልዳ" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅኩም ነበር።

ስደርስ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ልጁ እናቴ እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል። "እታለም፣ መጣሁ እኮ" አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ግን እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን በር የምታይ ነበር የሚመስለው። ገንፎው በሳህኑ ላይ ደርቋል። እናቴ ከደጋ ድረስ ቅቤና በሶ ተሸክማ የመጣችው ልጇን ልታርስ ነው፤ ሌት ተቀን ትለፋለች። ክፉ አይደለችም። ይህን የምለው በኋላ በጣም ስለተናደድኩባት ነው።

በሁለተኛው ቀን ሦስታችን ብቻ ሳለን እህቴ ድንገት ተናገረች። "ይሄ ልጅ ከእኔ ሌላ እናት ቢኖረው ይሻለዋል። እኔ ባልኖር ይሻላል።"

እናቴ ዘላ በእጇ አፏን ከደነችው። "በስመ አብ! አራስ እንዲህ አትልም!"

"እማዬ ተያት፣ ትናገር" አልኩ።

"ምን ትናገር? ይሄ ከእሷ አይደለም የሚወጣው።"

እህቴ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ በኋላ እኔ እስክሄድ ድረስ ስለራሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን እጅ ሳስባት ያንገበግበኛል።

ትራሷ ሥር ቢላዋ ነበር። አራስን ክፉ መንፈስ እንዳይደፍራት ብረት አይለያትም ይባላል፤ እናቴም ትልቁን የሽንኩርት ቢላዋ ነው ያስቀመጠችው። የሰማሁትን ከሰማሁ በኋላ አውጥቼ ጓዳ ደበቅኩት። እናቴ ፈልጋ አገኘችውና መለሰችው። እንደገና አወጣሁት።

"ልጄን ለሰይጣን ልትሰጪብኝ ነው?" ብላ ጮኸችብኝ።

የምፈራው ሌላ ነገር መሆኑን መናገር አቃተኝ። ያንን ነገር ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው በቤታችን አይቼ አላውቅም፤ እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ።

ጩኸታችንን ሰምታ የጎረቤት አፋር ሴት ገባች። እኔን አየች፣ እህቴን አየች፣ ቢላዋውንም አየች። ምንም ሳትጠይቅ ከወገቧ የቤቷን በር ቁልፍ ፈታችና ለእናቴ ዘረጋችላት። "እናቴ፣ ይሄስ ብረት አይደለም እንዴ? ይሄን አድርጊላት" አለቻት። እናቴ ቁልፉን ገልበጥ አድርጋ አየችና ትራሱ ሥር አስገባችው። ቢላዋውን ሴትየዋ በሻሿ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

ተከትያት ሄድኩ። "እኔም ከሁለተኛው ልጄ በኋላ እንዲህ ሆኜ ነበር" አለችኝ። "ጂኒ ነው ብለው ሼኽ አምጥተው ቁርአን አስቀሩብኝ። ሼኹ ደግ ሰው ነበሩ፣ አላህ ይስጣቸው። ግን ወላሂ፣ አንድ ሰው እንኳ ምን ይሰማሻል ብሎ አልጠየቀኝም።"

ሐኪም ጋ እንውሰዳት ስል ልጁ ክርስትና ሳይነሳ አራስ ከቤት አትወጣም ተባለ። ከዚያስ ቅርብ ሐኪም ያለበት አዳማ? አዳማ ዘመድ ሞልቷል፤ ማን አየን፣ ምን ተባልን። የእህቴ ባል እንኳ አንገቱን ደፍቶ፣ "ትንሽ ቀን ነው የቀረው" አለኝ። የትምህርት ቤት ባልደረቦቿ አምባሻ ይዘው ሊጠይቋት ሲመጡ እናቴ በር ላይ ተቀብላ፣ "ደም ማነስ ነው" አለቻቸው። እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ደም ማነስ መሆኑን አምነው ቢሆን ኖሮ እኮ በማግስቱ ጉበት ይዘውላት ይመጡ ነበር።

ፈቃዴ አልቆ ወደ ሰመራ ስመለስ ጎረቤቲቱን ለመንኳት። በየቀኑ ገብታ አጠገቧ ቁጭ ትል ነበር። ልጁ ክርስትና በተነሳ በማግስቱ፣ ማንም ወደማያውቀን ወደ ሰመራ እህቴን፣ ልጁንና እናቴን ሄጄ ይዣቸው መጣሁ። ቅርብ ያለውን ሐኪም ቤት ትተን ጨቅላ ይዘን ቀኑን ሙሉ በዚያ ወበቅ ተጓዝን፤ ለሐሜት ስንል።

ሆስፒታሉ ውስጥ እናቴ "የአእምሮ ሕክምና" የሚለውን ጽሑፍ ሳነብላት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። "እዚህ አልቀመጥም" ብላ እህቴን እየጎተተች የዓይን ሕክምናው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ካርድ አውጥቼ እነሱን ስፈልግ ተራችን ተጠርቶ አልፏል። ምሳ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስንጠብቅ አንዱ ታካሚ እናቴን፣ "ሞራ ነው እማማ?" ብሎ ሲጠይቃት "አዎ" ስትለው ሰማሁ። ልሳቅ ወይስ ልጩህ ግራ ገባኝ።

ተቀብሎ ያነጋገረን ነርስ ወጣት ነው። እናቴ "ሙቀቱ ነው" ብላ ስትጀምር በትሕትና፣ "እማማ፣ ትንሽ እሷ ትንገረኝ" አለና እህቴን "ምን ይሰማሻል?" አላት። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። እሱም አላቋረጣትም። በመጨረሻ፣ "ይሄ ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶች ላይ የሚመጣ ሕመም ነው። ይድናል" ሲላት፣ "ሕመም ነው?" ብላ ጠየቀችው። "መጥፎ እናት ስለሆንኩ አይደለም?" ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በፊት እንባዋን አላየሁትም ነበር።

ቀጥሎ ያያት ሐኪም እያጠባች ልትወስደው የምትችል መድኃኒት አዘዘላት። እኔ ቤት ተቀመጡ። በሳምንቱ እናቴ ኪኒኑን ደበቀችው፤ ጸበል ላይ አይወሰድም ብላ። ነገርኳት፣ ለመንኳት፣ ነርሱንም በስልክ አገናኘኋት፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አንድ ካህን ለምኜ አመጣሁ። "ጸበሉንም ትጠጣ፣ መድኃኒቱንም ትዋጥ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው" አሏት። እናቴም ኪኒኑን ከበርበሬው ዕቃ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። እኔ ሳምንት ሙሉ ስለው የከረምኩትን ነው እኮ አባ የነገሯት!

እህቴ ቀስ በቀስ ዳነች። በሁለተኛው ወር ልጁን ስታጥበው ስታንጎራጉር ሰማኋት። አዋሽ ተመልሳ ሥራዋን ጀመረች፤ ምን ሆነሽ ነበር ሲሏት፣ "ደም ማነስ" ትላለች።

ዓመት ካለፈ በኋላ ልጠይቃት ስሄድ፣ አብራት የምታስተምር አንዲት ልጅ ወልዳ ሰው አልቀበል እንዳለች፣ እንደማትበላ ነገረችኝ።

"ሄደሽ የሆንሽውን አልነገርሻትም?"

"አንቺ ሰመራ ነሽ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። ነገ ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?"

"ያቺ ልጅ ብትሞትስ?" አልኳት። ክፉ ንግግር ነበር። በማግስቱም በቅጡ ሳንሰነባበት ወደ ሰመራ ተመለስኩ።

ከአራት ቀን በኋላ ደወለችልኝ። ሄዳ ነበር። የልጅቷን እናት ውሃ አምጡልኝ ብላ አስወጥታ፣ በሩን ዘግታ፣ "እኔም እንዳንቺ ሆኜ ነበር፣ መድኃኒት አለው" አለቻት። ከዚያ ለማንም እንዳትነግር አስምላት ወጣች።

"አስማልሻት?" አልኳት።

"አዎ" አለችኝ። "ምን ላድርግ ታዲያ?"

ልጅቷ ሐኪም ጋ ሄዳለች፤ በዚያ ደስ ብሎኛል። መሐላው ግን አሁንም ያናድደኛል።