ስለ ጎሪላ ዘር የሰማንበት ዓርብ

የዚያን ዓርብ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት እረፍት ወጥታ የመጣችው ትልቋ ልጄ፣ የአገሬ ልጅ የሆነችው አሠሪዬ ነርስና የማሳድግላት ሕፃን ነበርን። ባልዮውም ነበር፤ ግን ሲሠራ አድሮ ሶፋው ላይ ተኝቷል።

ቴሌቪዥኑ ጎሪላ ያሳያል። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ያልገባኝን ነርሷን እጠይቃለሁ።

«ሲስተር፣ ሰው ከዚህ መጣ እንዳትይኝ ብቻ» አልኳት።

«ከነሱ መጣን አይደለም፣ እናቴ። እኛም እነሱም ከአንድ ጥንታዊ ዘር ተለያየን ነው የሚባለው።»

ጎሪላዎቹ ራሳቸው አንድ እንደነበሩም ነገረችን። ዝናብ በራቀ ዘመን ጫካው ተቆራረጠ፤ ገሚሶቹ በምዕራብ፣ ገሚሶቹ በምሥራቅ ቀሩ። በምሥራቅ ተራራ ላይ የቀሩት ቁጥራቸው እያነሰ፣ ዘመድ ከዘመድ እየተዋለደ ኖሩ። ይህ ደማቸው ተመርምሮ የታወቀ ነው አለች።

«ሴቷ ግን ስትደርስ የተወለደችበትን መንጋ ትታ ሌላ ጋ ትገባለች።»

ልጄ ብድግ አለች። «ሰማሽ እማ? ጎሪላ እንኳ ልጇን ትለቃለች!»

ኢቃማዋን ካወጣላት አሠሪዋ፣ ከከፊሏ ቤት ወጥታ ጅዳ በራሷ ልትሠራ ፈልጋ፣ እኔ እንቢ ብያት ነበር። ብዙ ወገኖቻችን ተይዘው ወደ አገር በተመለሱ ማግስት ስለነበር የመኖሪያ ፈቃድ ፍተሻው ያስፈራኛል።

«ጎሪላ ኢቃማ አትጠየቅም» አልኳት።

ነርሷ በሳቅ ፈረሰች። ባልዮው ነቅቶ «ማን መጣ?» አለ። «ማንም፤ ተኛ አንተ» አለችው።

እኔ ግን አልሳቅሁም። «ሴቷ ብቻዋን ናት የምትሄደው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አይ፣ ብቻዋን አትንከራተትም። ሁለቱ መንጋዎች ሲገናኙ በቀጥታ ትሻገራለች።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «አንቺንስ ማን ይቀበልሻል?»

«የሰፈራችን ልጅ አለች።»

«ስልኳን ስጪኝ።»

«ስደርስ፣ ኢንሻአላህ። ኸላስ እማ፣ አትጨነቂ።»

ብከለክላት ሳትነግረኝ እንደምትሄድ አወቅሁ። በሳምንቱ ዳቦ ቋጥሬ ሸኘኋት።

ጅዳ እንደገባች ደውላ ባሕር አየሁ አለችኝ። የተቀበለቻትን ልጅ ቁጥር ሳትነግረኝ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ተዘግቷል።

ልጄ ረዘም ያለች ጠይም ናት፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፤ አነጋገሯ የወሎ ነው። ጅዳ ያላችሁ እህቶቼ፣ ያየቻት ካለች እባካችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ።