ኦቦ የቆረጠሟት ፍሬ

ፖሊሶች ቡራዩ ከማስተምርበት ክፍል ሲወስዱኝ ጠመኔው ከእጄ አልወረደም ነበር። አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ፍሎሪን እንደዚያ ስግብግብ ከሆነ፣ ኤሌክትሮን ሲቀበል ለምን ከክሎሪን ያነሰ ኃይል ይለቃል?» አለችኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ማንኳኳታቸውም ደግ ነው።

ማታ ሱሉልታ እስር ቤት አደረሱኝ። ክፍሉ በላብና በእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ታፍኗል፤ ሰው በጎን በጎኑ ተደርድሮ ተኝቷል። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ቀና ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ ሞልቷል። እዚያው በሩ ጋ ቁጭ በል» አለኝ። ሲሚንቶው አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ደግሞ አስም አለብኝ። ሳሉ ሲጀምረኝ፣ የሚነጋልኝ አልመሰለኝም።

ከጥጉ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ሁሉም «ኦቦ» የሚላቸው ገበሬ ናቸው።

«ኮቱ፣ ና ልጄ፣ እዚህ ተኛ።»

«ኧረ አይሆንም አባቴ!»

«ዝም በል! ሳልህ እኛንም አያስተኛን» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቁጭ ብለው አደሩ።

ጠዋት ምን ሳስተምር እንደተያዝኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«እና መልሱን ሳትናገር መጣህ? በሬ ጠምዶ መሃል እርሻ ጥሎ መሄድ አለ እንዴ? ጨርሰው!»

ሚስታቸው ከላኩላቸው የገብስ ቆሎ ሰባት ፍሬ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። «ፍሎሪን ውጪኛው ክፍሉ ውስጥ ሰባት ኤሌክትሮን አለው፤ አንድ ይጎድለዋል። እንግዳውን ደስ ብሎት ይቀበላል፣ ኃይልም ይለቃል። ግን ቤቱ ጠባብ ነው፤ ያሉት እንግዳውን ይገፉታል፣ የሚለቀውም ኃይል ያንሳል። የክሎሪን ቤት ሰፋ ስለሚል መገፋፋቱ ቀለል ይላል።»

ካቦው ሳቀ። «እንግዲያው እኛ ፍሎሪን ነና!»

«አይ፣ ፍሎሪን ቦታ አለው። እናንተ ኒዮን ናችሁ» አልኩና ስምንተኛዋን ፍሬ ጨመርኩ። «ስምንቱም ሞልቷል። ኃይል ከውጭ ካልተጨመረ አንድም አያስገባም።»

ኦቦ ስምንቱን ፍሬ አዩ፣ አዩና አንዷን አንስተው ቆረጠሟት።

«ይኸው ቦታ» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳሌ እስኪነሳ ሳቅኩ።

ማታ ፍራሻቸውን አነጠፍኩላቸውና እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። «ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አልኳቸው። ሊከራከሩኝ ሲሉ ካቦው ጎኑን ሰብሰብ አደረገ። ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ተጠጋጋ። ሁለታችንም ተኛን።

ዛሬ ተፈትቼ፣ ተመልሼ አስተምራለሁ። ኒዮን ጋ ስደርስ፣ ኤሌክትሮን ለምን አይቀበልም ብዬ እጠይቃለሁ።

«ሞልቶ ነዋ ቲቸር!» ይሉኛል።

ልክ ናቸው፤ ማርክ እሰጣለሁ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው እዞርና፣ ኦቦ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ በልቤ፤ እርስዎ ባይነሱ ያ ሌሊት አይነጋልኝም ነበር።